የወፍጮ ቤቱ ጥሩንባ

ሠርከአዲስ ያንን ሣጥን የገዛችው የስፌት መኪና መስሏት ነው።

ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ጎባ ላይ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ዕቃ ቤቱን አጸዳና፣ ከተወረሱ ቤቶች ተሰብስቦ ዓመታት የተከመረውን ኮተት ሁሉ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ለሽያጭ አቀረበ። እግሩ የጎደለ አልጋ፣ መስተዋቱ የረገፈ ቁም ሣጥን፣ አይጥ የበላው ኮርቻ፣ ክዳን የሌላቸው ድስቶች፣ ድስት የሌላቸው ክዳኖች። ሰው እየመጣ ያገላብጣል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል።

ሠርከአዲስ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ጊዜ አርባ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ባሏን ከፈታች ቆይታለች፣ ልጅ አልወለደችም፣ ምላሷን ደግሞ ሰፈሩ ከመቀሷ እኩል ይፈራዋል። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪናዋ አርጅቶ ክር እየበጠሰ አስቸግሯት ነበርና፣ ከኮተቱ መሐል በቀኝ ጎኑ የሚዘወር እጀታ ያለው ባለ ክዳን የእንጨት ሣጥን ስታይ ልቧ ዘለለ። ብታነሳው ከባድ ነው። ከባድ ከሆነ ደግሞ ብረት ነው።

«ቁልፉስ?» አለችው ዕቃ ቤት ኃላፊውን አቶ ደጀኔን።

«ቁልፉማ ከባለቤቱ ጋር ጠፍቷል» አለ ደጀኔ። «ክዳኑን ሰብረው ይዩት አልልም። የቀበሌ ንብረት ነው፣ አይሰበርም። ከገዙት በኋላ ግን የራስዎ ነው።»

ገዛችው። በጋሪ አስጭና ቤቷ አስገባችና፣ ጎረቤቷ አባይነሽ አጠገቧ ቆማ እያየች፣ በመቀሷ ጫፍ ቁልፉን ነቅላ ክዳኑን አነሳች። ውስጡ መርፌ የለም፤ ጎማ የለም። ብል የበላው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ክብ ሰሐን፣ ከላዩ እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ ቧንቧ፣ ከጀርባው ደግሞ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ። ከሥሩ በአቡጀዲ የተጠቀለለ አንድ ጥቁር ሸክላ ተቀምጧል፤ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አይጥ ጨርሶታል።

«ይሄ እኮ ግራማፎን ነው!» አለች አባይነሽ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሳቋ አላልቅ ሲላት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ክሎሽ ቀሚስ ልትሰፊበት ነው?»

እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ውሃ ልትቀዳ ብትወጣ፣ «ሠርኬ፣ ዘፈን ስንት ትሰፊያለሽ በክንድ?» ይሏታል። ሣጥኑን አስይዛ ወደ ደጀኔ ብትመለስ፣ «የቀበሌ ዕቃ ከወጣ አይመለስም» አላት። ሠርከአዲስ ተናደደች፤ ስትናደድ ደግሞ እጇ ሥራ ይፈልጋል።

«እንግዲያው ይዘፍናታል!» አለች። «ይሄ ከጀርባው ያለ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

ደጀኔ ጭንቅላቱን አከከ። «እዚያ ላይ የሚሰካ እንደ ትልቅ አበባ ያለ የነሐስ ጥሩንባ ነበረው። ለብቻው አገኘሁትና አምና ሮቤ ላለው ባለ ወፍጮ፣ ለሁንዴ ሸጥኩለት። ዘይት ሊያንቆረቁርበት ይሆናል ብዬ።»

ሁንዴ ግን ዘይት አያንቆረቁርበትም ነበር።

ሠርከአዲስ በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍራ ሮቤ ወረደች። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከሩቅ ይሰማል። ከወፍጮው ጩኸት በላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ ከሰማይ የመጣ የሚመስል፣ «ጫሊ! ጫሊ! ስንዴህ ደርሷል!» ይላል። ብትገባ፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው በዱቄት የነጣ ግዙፍ ሰው የነሐሱን ጥሩንባ አፉ ላይ ደግኖ ተራ ጠባቂውን ይጠራል። ያ ሰው ሁንዴ ነው። ሃያ ዓመት ከወፍጮ ጋር ሲኖር ጆሮው ደክሟል፤ ወፍጮው ቆሞም እንኳ እንዳልቆመ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ምን ፈለጉ?» አላት።

«ጥሩንባውን!»

«ስንዴ ነው ገብስ?»

«ጥሩንባውን ነው የምልዎት!»

«እሺ፣ እሺ፣ ተራ ይያዙ!»

ሠርከአዲስ ተራ የምትይዝ ሴት አይደለችም። ጥሩንባውን ከእጁ ቀምታ ጠባቡን ጫፍ አፏ ላይ፣ ሰፊውን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ «ይሄ የእኔ የግራማፎን አፍ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ተራ ጠባቂው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁንዴም ዱቄቱ ከፊቱ እየረገፈ ሳቀ፤ ሞተሩን አጠፋና ወደ ውጭ ይዟት ወጣ።

«የእኔስ አፍ አይደለም እንዴ?» አለ፣ አሁንም እየጮኸ። «ያለ እሱ ማን ይሰማኛል?»

«አይስጉ፣ ያለ ጥሩንባም ጎባ ድረስ ይሰማሉ።»

ሁንዴ ይህን ሰማ። ሰፊ ፊቱ ላይ ሳቅ መጥቶ ሄደና፣ ጥሩንባውን አገላበጠው። ሚስቱ ሞታ አራት ክረምት አልፏል፤ ቤቱ ሬዲዮ አለ፣ ግን ቢከፍተውም ንብ ውስጡ የገባ ይመስል ከመጮህ በቀር አንዲት ቃል አይለይለትም።

«ዱጋ? እውነት ይዘፍናል?» አላት። «ሰው ራሱን እዚህ ውስጥ ቢያስገባ ይሰማዋል?»

«ከተሠራ ይዘፍናል። ራስዎን ቢያስገቡ ደግሞ እኔ አልከለክልም።»

«እንግዲያው እንዲህ ይሁን። በሥራ ቀን ጥሩንባው የወፍጮው ነው። እሑድ ወፍጮ የለም፤ እሑድ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። መፍቻም ይዤ እመጣለሁ።»

እሑድ መጣ፤ ሁንዴም መጣ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ፣ ጸጉሩን የታጠበ፣ ነገር ግን ከጆሮው ጀርባ አሁንም ዱቄት ያለበት አንድ ግዙፍ ሰው በከረጢት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፎ በሠርከአዲስ በር ሲገባ አየ። አባይነሽ ወሬ ሊያመልጣት ስለማይገባ በርጩማዋን ይዛ ተከተለችው።

«አካም ጅርታ!» ብሎ ሁንዴ ሰላምታ ሰጠ፤ ጣራው ላይ የነበረ እርግብ ተነስቶ በረረ።

ሥራው የተጀመረው ከሞተሩ ነው። እጀታው ቢዘወር ቢዘወር ውስጡ አይዝም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሁንዴ በካቻቢቴው ሰሐኑን አንስቶ፣ ሞተሩን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረውና፣ እንደ ሽሮ ቆርቆሮ ያለ ክብ ዕቃ ፈልጎ አገኘ። «ሞላው እዚህ ውስጥ ነው» አለ። «ጉልበቱ ሁሉ እዚህ ነው የተኛው። ዞር በሉ። ማሎ፣ እባካችሁ ዞር በሉ!»

ሠርከአዲስ ዞር አለች። አባይነሽ ግን ምን እንደተኛ ልታይ አንገቷን አሰገገች። ክዳኑ ገርበብ ሲል ሞላው እንደ እባብ ተፈትልኮ ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ፋኖስ መታ፤ ገመድ ላይ ተሰቅለው ካውያ የሚጠብቁትን ዩኒፎርሞች አልፎ፣ ዘመን ያጠቆረውን ግራሶ በአባይነሽ ነጠላ ላይ ከዳር እስከ ዳር ረጨው። ማንም አልተጎዳም። አባይነሽ ነጠላዋን አየች፣ ሁንዴን አየች፣ «ይሄማ ሰይጣን ነው የሚያስዘፍነው» አለችና ልትቀይር ሄደች። ለመመለስ ግን አልቆየችም።

የሞላው ጫፍ፣ ልክ ከመንጠቆው ላይ፣ ተሰብሯል። ሁንዴ ጫፉን ፍም ውስጥ አስገብቶ እስኪቀላ አጋለው፤ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ከለሰለሰ በኋላ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳው። በወፍጮ ቤት የተማረው ጥበብ ነው። ያንን ረጅም ብረት ጠቅልሎ ወደ ክቡ ዕቃ መመለስ ግን የአንድ ሰው ሥራ አልሆነም። ሁለቱም እጃቸው ላይ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ አንዱ ሲጠቀልል ሌላው እየያዘ፣ አንዱ ሲያመልጠው ሌላው እየጮኸ፣ በላብ ተጠመቁ። ሁለቴ ተፈታባቸው። በሦስተኛው ገባ። አባይነሽ ከበርጩማዋ ላይ ሆና፣ «በሰርግም ላይ እንዲህ እጅ ለእጅ አይያዙም» አለች። ሁንዴ አልሰማትም። ሠርከአዲስ ሰማች፤ ጎንበስ ብላ ያልወደቀ መርፌ ፈለገች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሷ ነበር። ድምፁ የሚወጣበት ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሯል፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ በመቀስ ቀለበት ቀለበት አድርጋ ቆርጣ ቀየረችው። ሰሐኑን ደግሞ ከሚሊሺያ ዩኒፎርም በተረፈ ካኪ አለበሰችው፤ ዳሩንም ቀምቅማ በክር አጠበቀችው። ከእሑድ እሑድ ሁንዴ ይመጣል። መጀመሪያ «አቶ ሁንዴ፣ እርስዎ» ትለው ነበር፤ መቼ «አንተ» እንዳለችው ሁለቱም አላስተዋሉም። ያስተዋለችው አባይነሽ ናት።

የቀረው መርፌው ነው። ሠርከአዲስ የስፌት መኪና መርፌ ቆርጣ ብትሰካበት፣ ገና ሸክላውን ሲነካ ዳሩ ላይ ጭረት አወጣና ልቧን አቆመው፤ ያላቸው ሸክላ እሱ ብቻ ነው። «ሹል ይሁን፣ ግን ከሸክላው የለሰለሰ ይሁን» አለች። ሁንዴ አገጩን ይዞ አሰበ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ የትምባሆ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሶፍ ዑመር አካባቢ የምትኖረው አክስቱ ከቆላው ለቅማ የላከችው ረጃጅም የግራር እሾህ ነው።

«ቆሬ!» አለ። «እሾህ! እግር ውስጥ ከገባ የሚያስለቅስ፣ ሸክላ ላይ ቢዘፍንስ?»

ሠርከአዲስ አንዱን መርጣ ጫፉን በመቀስ አሹላ ሰካችው። እጀታውን ሁንዴ ዘወረ። ጥሩንባው በቀዳዳው ተሰክቶ እንደ ትልቅ የነሐስ አበባ ወደ መስኮቱ ዞሯል። የሰፈሩ ሰው በር ላይ፣ መስኮት ላይ፣ አጥር ላይ ነው። ሁንዴ ቃሉን አልረሳም፤ ራሱን ከነጆሮው ጥሩንባው ውስጥ ከተተ።

እሾሁ ወረደ። መጀመሪያ ሰው በዝናብ ጊዜ ቆሎ የሚበላ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ማሲንቆ። ከዚያ አንድ ወንድ፣ ጥርት ባለ ጎርናና ድምፅ፣

«ሺህ ዓመት ያንግሥዎ ጃንሆይ፣ ሺህ ዓመት...»

አለ።

ሳቁ ሁሉ ባለበት ደረቀ። ጃንሆይ ከወረዱ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ስማቸውን በክፉ ካልሆነ በአደባባይ የሚያነሳ የለም። የቀበሌው በር ደግሞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ከአጥሩ ላይ ሰዎች እንደ ወፍ ረገፉ። አንዱ ጎረቤት ሰዓቱን አየ፤ ሰዓት ግን አላሰረም። አባይነሽ አማተበች።

ሠርከአዲስ ለሁንዴ «አቁመው» ለማለት እጇን በአየር ላይ አሽከረከረች። ሁንዴ በጥሩንባው ጠርዝ በኩል አያትና፣ በደስታ ራሱን ነቅንቆ እጀታውን የበለጠ ዘወረ። ዘፋኙ በርትቶ የጃንሆይን ቁመና ማመስገን ጀመረ።

«አቁም! አቁም!»

«ልጨምር?»

ዘልላ ቧንቧውን ከሸክላው ላይ አነሳችው። ዝም አለ። ሁንዴ ራሱን ከጥሩንባው አወጣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሁ!» ብሎ ጮኸ። «ሠርኬ፣ ማሲንቆውን ሰማሁት! ሰውዬው ግን ምን ይላል? ማንን ነው የሚያመሰግነው?»

ወደ ጆሮው ተጠግታ በለሆሳስ ነገረችው።

«ማንን?»

ትንሽ ከፍ አድርጋ ነገረችው።

«እ? ማንን?»

«ጃንሆይን!» ብላ ጮኸች ትዕግሥቷ አልቆ። ድምፅዋ መንገዱን አቋርጦ ቀበሌው በር ላይ ከቆመው አብዮት ጠባቂ ዘንድ ደረሰ።

አብዮት ጠባቂው አያና ይባላል፤ ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝማል፤ የለበሰውንም ዩኒፎርም የሰፋችለት ራሷ ናት። ገብቶ አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ እሷን አየ። «ነገ ጧት ቀበሌ ይፈለጋሉ» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ከነዕቃው።»

ሁንዴ የመጨረሻውን መኪና ለመያዝ ሲወጣ ሠርከአዲስ፣ «ነገ እንዳትመጣ፤ ወፍጮህን እንዳትዘጋ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። መስማት አለመስማቱን ግን አላወቀችም። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የሰነበተ ሰው ታውቃለች።

በማግሥቱ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልላ ቀበሌ ስትደርስ፣ ሁንዴ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እጁ ባዶ ነው።

«ጥሩንባውስ?»

«ደበቅሁት» አለ፤ በጸጥታ የተናገረ መስሎታል፤ አያና ዞር ብሎ ወደ ሰማይ አየ። «እሱም ከተወረሰ አንቺም እኔም ዲዳ ሆነን መቅረታችን ነው።»

ውስጥ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ተሰማ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ ከሴቶች ማኅበር እኅተማርያም፣ ዳር ላይ ደግሞ ደጀኔ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊው፣ በወንበሩ ውስጥ ሊጠፋ የፈለገ መስሎ።

«ጓድ ሠርከአዲስ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «በትናንትናው ዕለት የወደቀውን ሥርዓት የሚያወድስ ቅስቀሳ በመስኮት አሰምተሻል ተብሏል።»

የሠርከአዲስ ምላስ የራሱ አገር ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕቃውን የሸጠልኝ ቀበሌው ነው። ክዳኑን ልክፈት ብል የቀበሌ ንብረት አይሰበርም ተባልኩ። ልመልስ ብል አይመለስም ተባልኩ። እንግዲህ እናንተ ሳትሰሙ ሸጣችሁ፣ እኔ ሳልሰማ ገዛሁ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ» ሁንዴን አመለከተች፣ «ከነጭራሹም አይሰማም።»

ሁሉም ወደ ደጀኔ ዞሩ። ደጀኔ ሳለ። እኅተማርያም ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ «ኮሚቴው ያልሰማውን አይፈርድበትም። ይሰማ» አሉ።

ሠርከአዲስ አዲስ እሾህ ሰካች። ጥሩንባ ስለሌለው ዘፈኑ የትንኝ ድምፅ ሆነ። ኮሚቴው መጀመሪያ ከወንበሩ ጠጋ አለ፤ ከዚያ ተነሳ፤ በመጨረሻ ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጥፈው፣ ግንባር ለግንባር ገጠሙ። አያናም ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ መጣ። የጃንሆይ ውዳሴ ሲያልፍ ሁሉም ፊታቸውን አኮሳተሩ። ከዚያ ማሲንቆው ዜማ ቀየረና ሰውዬው ሌላ ነገር ጀመረ።

«እኔስ ከወንዝ ማዶ ቀረሁ ታንኳ አጥቼ፣
አንቺም አልመጣሽም፣ እኔም ዋና ፈርቼ።»

እኅተማርያም ትከሻዋ ሳያስፈቅዳት ነቅነቅ አለ። ሊቀመንበሩ ሸክላው እስኪያልቅ አልተነቃነቁም።

«ይደገም» አሉ። «ለማጣራት።»

ሦስት ጊዜ ተጣራ። በሦስተኛው ላይ ደጀኔ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። ኮሚቴው ከዚያ ተመካከረና ውሳኔው ተነገረ። የሸክላው መጀመሪያ የባላባቱ ነው፤ የቀረው ግን የሰፊው ሕዝብ እንጉርጉሮ ነው። ሠርከአዲስ ልብስ የምትለካበትን ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ፣ ሊቀመንበሩ በጣታቸው እያሳዩዋት፣ ሸክላው ላይ ነጭ መስመር አሰመረች፤ ከዚያ መስመር በፊት እሾህ እንዳይወርድ። በተጨማሪም ግራማፎኑ በመሠረተ ትምህርት ምርቃት ቀን ለቀበሌው እንዲያገለግል ታዘዘ። «ከነጥሩንባው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ሁንዴ እያዩ። «የት እንዳለ አንጠይቅም።»

ደጃፉ ላይ ሲወጡ ሠርከአዲስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። ሁንዴ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«ለምን መጣህ?» አለችው፣ እንዲሰማት አፏን እየከፈተች። «ወፍጮህን ሰኞ ቀን ዘግተህ!»

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለ። «ሠርኬ፣ እሑድ ብቻ መምጣት ሰልችቶኛል። ሮቤ ያለው ቤት ሰፊ ነው፣ ለስፌትሽም መስኮት ያለው ክፍል አለው። ብታገቢኝ ምን ይመስልሻል?»

ሚስጥር የነገራት መስሎት ነበር። ከቀበሌው መስኮት እኅተማርያም ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሊቀመንበሩ፤ ከአጥሩ ማዶ አባይነሽ። አያና ጠመንጃውን ተደግፎ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሺ በይው እንጂ፣ እትዬ» አላት።

ሠርከአዲስ ራሷን ብቻ አዎ ብላ ነቀነቀች፤ እሱም ዓይኑ ደህና ስለሆነ አየው።

በምርቃቱ ቀን ግራማፎኑ ከመስመሩ በኋላ ያለውን ዘፈን ተጫወተ፤ አንድ እሾህ ሲደነዝዝ ሌላ እየተተካ፣ አዲስ ማንበብ የቻሉት እናቶችም እየጨፈሩበት። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ከሰርጉ በኋላ ሁንዴ የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ የስፌት መኪናዋ፣ አልጋዋ፣ ሣጥኑ ተጫኑ። አባይነሽም ቤቱን ብቻ አይታ እንደምትመለስ ተናግራ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ሮቤ ሲደርሱ አባይነሽ በየክፍሉ ዞረች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፤ በጣቷ መደርደሪያውን ጠርጋ ዱቄቱን አየች።

«ይሄ ቤት በአንድ ቀን አይጸዳም» አለችና ነጠላዋን አገልድማ መጥረጊያ ጠየቀች። እስከ ሐምሌ ቆየች።